ራዲያተሩን የጋረደው ሥዕል

ይሉኝታ በየአገሩ አለ፤ የእኛ የእስቴዎቹ ግን ሳይብስ አይቀርም። እኛ ዘንድ ሰው እግሩን ረግጦት የቆመውን እንግዳ «እግሬን!» ከማለት ይልቅ «ኧረ ይቀመጡ» ይለዋል። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ግን ይፈላል። እንዴት እንደሚፈላ ልንገራችሁ።

ባለ ሁለት ወንበር ቀይ ስፖርት መኪና አለችኝ። እንደ መካነ ኢየሱስ ባለች የእስቴ ከተማ ውስጥ ስፖርት መኪና ምን እንደሚሠራልኝ አትጠይቁኝ፤ ባለቤቴም ጠይቃ መልስ አላገኘችም። መኪናዋ ፊቷ ቆንጆ ነው እንጂ ነፋስ አያስገባም ነበርና ዳገት ባየች ቁጥር ትግላለች። ስለዚህ ባሕር ዳር ወስጄ ፊቷን አስቀየርኩት። ባምፐሩን መሀል ለመሀል በሰፊው አስቀደድኩ፤ ታርጋውን የሞተሩን ውሃ በነፋስ ከሚያበርደው ከራዲያተሩ ፊት አስነሳሁ፤ በራዲያተሩ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተትም በላሜራ አስደፈንኩ። ነፋስ እንደ ሰው ነው፣ ቀላል መንገድ ካገኘ በከባዱ አያልፍም፤ ክፍተት ከተውክለት ራዲያተሩን በጎን ዞሮት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ሁሉ ስትወጣ የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ አላለም። ኮራሁ፤ ኩራቴ ግን ብዙም አልሰነበተም።

አማቴ እማማ ዘርፌ መኪናዋ ታድሳ መጣች ሲባሉ ሊመርቁ መጡ። ጠበል ረጩ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር የትሪ ያህል የሰፋ፣ በላስቲክ የተለበጠ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አወጡና፣ «ከፊት ይቅደምልህ ልጄ» ብለው በገዛ እጃቸው በሽቦ አሰሩት። የት መሰላችሁ? ያ በሰፊው ያስቀደድኩት አፍ ላይ! ልክክ አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «እማማ፣ ሰማዕቱ ነፋሴን ጋረደብኝ» ይባላል? ጎረቤት ቆሞ እያየ ሥዕሉን ባነሳው፣ በማግስቱ «ሃይማኖቱን ለወጠ» መባሌ ነው። ጥፋቱ የሰማዕቱ አይደለም፣ የቦታው ነው። «ወደ ኋላ መስታወቱ ላዛውረው» ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሜዳ ሜዳውን እየነዳሁ ዝም አልኩ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት መርዶ መጣ። ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩት የእማማ ታላቅ ወንድም አርፈዋል፤ ቀብሩም የዚያኑ ዕለት ነው። አውቶቡሱ ሄዷል። እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መጡና፣ «ልጄ፣ አፈር ሳይጫነው አድርሰኝ» አሉኝ።

ገና ዳገቱን ስንጀምር መርፌው ሽቅብ ወጣ። ቆምን። እስክትበርድ ጠብቄ ውሃ ጨመርኩ፤ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ቆምን። እማማ ወርደው ከመኪናዋ ፊት ቆሙ፤ ግንባራቸውን ሥዕሉ ላይ አስደግፈው፣ «አባቴ ጊዮርጊስ፣ ወንድሜን ሳልቀብር አታስቀረኝ» እያሉ ተማጸኑ። እኔ ፒንሳ ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። ሽቦዋን መቁረጥ የአፍታ ሥራ ናት።

«ምን ሆነችብን ልጄ?» አሉኝ።

«ዳገቱ ነው እማማ።»

«እኔ ምን ላግዝህ? ከመጸለይ በቀር።»

«እሱ ይበቃል፣ ይጸልዩ» አልኩ። ምነው አፌን ቁርጥ ባደረገው!

ስንደርስ ሕዝቡ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ካህናቱ ጠብቀው ጠብቀው፣ ቀኑ ሲመሽባቸው ቀብረዋል። እማማ እርጥቡ አፈር ላይ ተደፉ። «ወንድም ጋሼ፣ እህትህ ሳትደርስልህ!» እያሉ ሲያለቅሱ የምገባበት ጠፋኝ። ሰው አጽናንቶ ያነሳቸዋል፤ እኔ እጄን እንኳ ልዘረጋላቸው አፈርኩ። ይህን ስጽፍም ፊቴ ይግላል።

የባሰው ግን ድንኳኑ ውስጥ መጣ። አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው ዘገዩ እመቤት?» ቢሏቸው፣ እማማ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይህ ልጄ ስንት እንደደከመ ባያችሁ! መኪናዋ ስትነድ እሱ ውሃ ሲያጠጣ፣ እሱም አብሯት ሲነድ ዋለ። ጊዮርጊስ ከፊት ባይቀድምልንማ ከነአካቴውም አንደርስም ነበር። ለልጄ ሰማዕቱ እንደ ሥራው ይክፈለው።»

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን!» አለና ወደ እኔ ዞረ።

እኔም «አሜን» አልኩ።