እትዬ ባንቻየሁና የስጦታ ኮፍያ

ደባርቅ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ከቤት የወጣ ሰው፣ ልጁ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ከአጥሩ በር ብዙ መራቅ አያስፈልገውም። በየሰፈሩ፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት አለች። የልጁን ስም ላታውቅ ትችላለች። እናቱ ማን እንደሆነች አትጠይቅም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኮፍያው የታለ?»

የእኛ ሰፈር ባለሥልጣን ክብርት እትዬ ባንቻየሁ ናቸው። የሚኖሩት ከግቢያችን ፊት ለፊት ሲሆን፣ መንበራቸው በራቸው ላይ ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ከዚያች ድንጋይ ላይ ሆነው የመንገዱን ሁለቱንም ጫፍ ያያሉ። ነፋስ ከተራራው ሲነሳ ከሁላችንም ቀድሞ ለእሳቸው የሚነገራቸው ይመስለኛል። ሥልጣኑን ማን እንደሰጣቸው አጣርቼ አላውቅም። ብቻ ልጅ ያለው ሁሉ በፊታቸው ሲያልፍ የልጁን ጆሮ በእጁ እየሸፈነ ነው የሚያልፈው።

እኔ ስሜ እንግዳው ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከምልክቱ ተነስቶ ምክንያቱን መፈለግ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ የሚጥም ሥራ አላውቅም። ስለዚህ ልጃችን ስጦታ ስትወለድና እትዬ ባንቻየሁ ሲያስጨንቁን፣ በመናደድ ፈንታ አጠናቸው ጀመር። ጥናቱ እጅግ አስደሳች ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ያያሉ። ዝም ብለው ነው የሚያዩት፣ ግን እኔ ራሴ ሹራብ የጎደለኝ እስኪመስለኝ ድረስ ነው የሚያዩት። ቀጥሎ «ኧረ ልጅቷ በረዳት» ይላሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ካልተሰማ፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እያቃሰቱ ከድንጋዩ ይነሳሉ። እሳቸው ከተነሱ በኋላ ክርክር የለም።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የተሟላ ትምህርት አለ። «ብርድ በጆሮም ይገባል፣ በአናትም ይገባል» አሉኝ አንድ ቀን። «በጆሮ የገባው በጆሮ ይወጣል። በአናት የገባው በማስነጠስ ይወጣል። በጉልበት የገባው ግን መውጫውን አያውቀውም።» የራሳቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። «የኔን አይተህ ተማር።»

እኔም በሙያዬ ሞከርኩ። «እትዬ፣ ጥጃ እኮ ተወልዶ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። ኮፍያ የሚያደርግለት የለም።»

«ለጥጃው ጠጉር ተሰጥቶታል» አሉ። «ያንተዋ ራሷ ገና መላጣ ነው።»

እኔም የስጦታን ራስ በመዳፌ ሸፈንኩ።

በስጦታ ክርስትና ቀን ደግሞ ፎጣ ዘርግተው ከካህኑ ጎን ቆሙ። አባታችንን ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል። እትዬ ባንቻየሁ ግን ጎንበስ ብለው በትሕትና «አባታችን፣ ጸሎቱ አይጠር፤ እጅዎን ብቻ ያፍጥኑት» አሏቸው። አባታችንም አፈጠኑ። ሌላ ጊዜ ባጃጅ አስቁመው ሸራውን በግራም በቀኝም ካላወረድህ አትሄድም ብለዋል፤ ውስጥ የነበረው ልጅ የማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ወደ ተራራው የሚሄዱ ፈረንጆች እግሩ የተራቆተ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው ሲያልፉ ደግሞ ቋንቋ አልቸገራቸውም። ነጠላቸውን ገፈው የልጁን እግር ጠቀለሉበት። ፈረንጆቹ ገጸ በረከት መስሏቸው አመስግነው ይዘውት ሄዱ። እትዬ ባንቻየሁም «ይሁን፣ እሱ ይሙቀው» ብለው ያለ ነጠላ ተመለሱ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነበር። ችግሩ የመጣው ስጦታ ዓመት ከአምስት ወር ሲሆናት ነው። አልተራመደችም። መራመድ ይቅርና ሳትደገፍ አልቆመችም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ መረመሯትና «ጤነኛ ናት፣ ታገሱ» አሉን። እኔም ለባለቤቴ ለአበባ፣ ልጆች በአንድ ቀን ተነስተው እንደማይሄዱ፣ ቀደም የሚልም ዘግየት የሚልም እንዳለ፣ በሰፊው አብራራሁላት። ማብራራት እወዳለሁ። በማግስቱም አብራራሁላት። አበባ ትሰማኛለች፤ ዓይኗ ግን ከስጦታ እግር አይነሳም። ከስጦታ በኋላ የተወለደው የጎረቤት ልጅ ዶሮ እያባረረ በደጃችን ሲያልፍ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ማብራሪያው ለእኔም ነበር።

እትዬ ባንቻየሁ ምርመራቸውን ጨርሰው ነበር። «ጉልበቷን ብርድ ገብቶታል» አሉ። መድኃኒቱንም በእጃቸው ሠሩት፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን የሚደርስ የሱፍ ክር ሹራብ። ከዚያ ወዲያ ስጦታ የሚደረብባት ነገር ሲበዛ፣ ያስቀመጧት ቦታ የምትቀር የጤፍ ከረጢት መሰለች። ጉልበቷ እንዴት እንደሚታጠፍ አስቡት። እኔ አስቤው ነበር። ግን ማን ደፍሮ ያወልቀው?

በዚህ መሃል ከታች ቆላው፣ አዲ አርቃይ ያሉት አማቴ፣ እማማ ብርሃኔ፣ «ልጅቷን አምጡልኝ» ብለው ላኩ። እትዬ ባንቻየሁ ለመንገዱ ራሳቸው አለበሷት። ሁለት ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኮፍያ ከላይ። ሌላ ኮፍያ ደግሞ «መጠባበቂያ ነው» ብለው በእኔ ኪስ አስገቡ።

ሚኒባሱ የሊማሊሞን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ሙቀቱ ከታች ይቀበለን ጀመር። ስጦታ ቀላች፣ አላባት፣ አለቀሰች። በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ አወለቅን። አዲ አርቃይ ስንደርስ እማማ ብርሃኔ የቀረውን አይተው «ልጄን አፍናችሁ ልትጨርሷት ነው?» አሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማርኩ። ቆላውም የራሱ ባለሥልጣን አለው። ኮፍያው ሄደ፣ የሱፉ ሹራብ ሄደ፣ ጫማው ሄደ። ስጦታ በስስ ቀሚስና በባዶ እግሯ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጥቂት ቀን ሰነበትን። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፍየል ቆማ ታመነዥካለች። ስጦታ እየዳኸች ሄደችና የፍየሏን ጠጉር ይዛ ተነሳች። ፍየሏ ሄደች፤ ስጦታም አብራ ሄደች። ፍየሏ ደነገጠችና ሮጠች። ስጦታ ብቻዋን ቀረች፤ ግን ቆማ ቀረች። እጇን አየችው፤ ባዶ ነው። ዘወር ብላ እናቷን አየች፤ ከዚያ ተራመደች። አበባ እጇን ዘርግታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ልጅቷ እስክትደርስ ድረስ ጠበቀች። ካቀፈቻት በኋላ ግን አበባ በደንብ አለቀሰች።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ማብራሪያዬን አዘጋጀሁ። ልጅቷን ያሰራት ብርዱ ሳይሆን ልብሱ መሆኑን፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ለእትዬ ባንቻየሁ አስረዳለሁ። ሚኒባሱ ሽቅብ ሲወጣ ከኋላ ወንበር አንዲት የማላውቃት ሴት «ኧረ ልጅቷ በረዳት» አለች። አንድ አንድ እያልን መልሰን አለበስናት።

ከሰፈራችን ስንደርስ እትዬ ባንቻየሁ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ምንም ሳልናገር ስጦታን መሬት ላይ አቆምኳትና ለቀቅኳት። እየተወላገደች ወደ እሳቸው ሄደች። እትዬ እልል አሉ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አላልኩህም?» አሉ ቀድመውኝ። «የቆላው ሙቀት ብርዱን ከጉልበቷ መጥጦ አወጣው።»

ነገሩን ባገላብጠው፣ ያየሁት ሁሉ የእሳቸውንም ትምህርት ይደግፋል። ማን ትክክል እንደሆነ ለመለየት ሌላ ልጅ ወልዶ መሞከር ያስፈልጋል። ይህን ለአበባ ሳቀርብላት የሰጠችኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

አበባ ግን እትዬን አቅፋ ስማ ሌላ ነገር ነገረችኝ። በመንገድ ያገኘናት ጎረቤት ሹክ ብላት ኖሯል። እትዬ ባንቻየሁ በሌለንበት ጊዜ ሁሉ፣ ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር «የእንግዳው ልጅ ቆመች ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከአዲ አርቃይ የመጣ ሰው ሁሉ እኛን የሚያውቅ ይመስል።

ስጦታ ድንጋዩን ተደግፋ ቆማለች። ነፋሱ መጥቷል። እጇን አነሳችና ኮፍያዋን ከራሷ ጎትታ አወለቀችው። ትንሽ አየችው። ከዚያ ወስዳ እትዬ ባንቻየሁ ጉልበት ላይ፣ በዚያ ብርድ ገብቶ መውጫ ባጣበት ጉልበት ላይ፣ አስቀመጠችውና በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

እትዬ ባንቻየሁ ኮፍያውን አላነሱትም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ነፋሱ ያስነባቸው አስመስለው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አንተ እንግዳው፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ኧረ ልጅቷ በረዳት።»

ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ዋጥኩና፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን መጠባበቂያ ኮፍያ አወጣሁ።