ፀሐይ ከምዕራብ የምትወጣበት አገር

ኖርበርት፦ ወታደር በረሃ ውስጥ በብርድ አይሞትም። ይሄን እንኳ አንተም ታውቃለህ።

ገስ፦ በረሃ ማታ ማታ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኖርበርት፦ ጢማቸው ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነው የተገኙት። አርሊን ራሷ ናት ያወራችው። ንጉሥ ቦርግ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ሰሜን ዘመተ። ካርታው ላይ ሰሜን ምንድነው? አሸዋ።

ገስ፦ ካፖርት ሳይዙ ሄደው ይሆናል።

ኖርበርት፦ በረሃ ለመሄድ ካፖርት የሚይዝ ማነው?

ገስ፦ እኔም እሱን ነው የምለው። ስላልያዙ ሞቱ።

[በአሜሪካ፣ ሐይቅ ዳር ያለችው የሸቦይገን ከተማ፣ የኖርበርት ቤት ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ የአርሊን ካርታ ተዘርግቷል። አርሊን የኖርበርት ሚስት፣ የገስ ታላቅ እህት ነበረች። የራሷን የተረት ዓለም ፈጥራ፣ ነገሥታቱንና ጦርነቱን እያወራች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዳጆቿን በዚሁ ካርታ ላይ የየራሳቸውን ጀግና አስይዛ ታጫውት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ሞተች። የድሮ ተጫዋቾቿ ከዚያ ወዲህ ዛሬ ገና ሊመጡ ነው፤ በሷ ፋንታ የሚያጫውተው ገስ ነው። ወንበሯ እንደነበረ አለ፤ ሹራቧም መደገፊያው ላይ። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ኖርበርት ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ በለመደው ቦታ ተቀምጧል። ገስ ቆሟል።]

ኖርበርት፦ ይሄ ታሪክ ሳይስተካከል እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይጫወትም። ሰው መጥቶ በሷ ዓለም እንዲስቅ አልፈልግም።

ገስ፦ እሷ እያለችም ይስቁ ነበር እኮ።

ኖርበርት፦ ያኔ ከሷ ጋር ነበር የሚስቁት።

ገስ፦ እሺ። ቀጥሎ ምን አለ?

ኖርበርት፦ ፀሐይ። አርሊን ሁልጊዜ “ፀሐይ ከባሕሩ ወጣች” ነው የምትለው። ባሕሩ ግን በስተምዕራብ ነው።

ገስ፦ እኛም ጋ ከሐይቁ ነው የምትወጣው።

ኖርበርት፦ እኛ ጋ ሐይቁ ምሥራቅ ነው፣ ገስ። ዕድሜህን ሙሉ እዚሁ ኖረህ።

ገስ፦ አውቃለሁ። ጠዋት ስነዳ ዓይኔን ትወጋኛለች።

ኖርበርት፦ ለማንኛውም እሱን ፈትቼዋለሁ። በጥንት ዘመን ዘንዶው ፀሐይን ዋጣት። ሲያወጣት በተሳሳተ በኩል አወጣት።

ገስ፦ አንዴ ከዋጣት፣ የሚያወጣበት በኩል ያው አንድ ነው።

ኖርበርት፦ አርሊን ፊት ይሄን ትናገር ነበር?

ገስ፦ እሷ ትጨምርበት ነበር።

[ኖርበርት ሊስቅ ቃጣውና ቢራውን ጎንጨት አለ።]

ኖርበርት፦ ዝሆን ነጂዎቹስ? ከደቡብ መጡ አለች። ደቡቡ በረዶ ነው። ዝሆን በረዶ ላይ ምን ይሆናል?

ገስ፦ ያንሸራትተዋል።

ኖርበርት፦ አየህ? ጥሩ ሴት ነበረች፤ አቅጣጫ ማወቅ ግን አልተሰጣትም። ስንት ጊዜ አረምኳት መሰለህ። እኔ የዚህን ከተማ ደብዳቤ በሙሉ ያደረስኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቤት ተሳስቼ አላውቅም።

ገስ፦ የልደት ካርዴን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ክሉግ ሰጥተሃታል።

ኖርበርት፦ የቤትህ ቁጥር ወድቆ ነበር።

ገስ፦ ቅር አላለኝም። እሷ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ኖርብ፣ ጉልበቴ አልቻለም። የት ልቀመጥ?

ኖርበርት፦ ሣጥኑ ላይ።

ገስ፦ ሣጥኑ ላይ ቋሊማው አለ።

ኖርበርት፦ ደረጃው ላይ።

ገስ፦ ከደረጃው ካርታው አይታየኝም። ሰዎቹ ሲመጡስ ቆሜ ነው የማጫውታቸው?

ኖርበርት፦ መጀመሪያ ታሪኩ ይስተካከል።

ገስ፦ ታሪኩ ሲስተካከል ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል?

[ኖርበርት ጠርሙሱን በጣቶቹ መሐል አዞረው።]

ኖርበርት፦ ያን ጫፍ ያዝልኝ፤ እየተጠቀለለ ነው።

[ገስ የካርታውን ጫፍ ሊይዝ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ በአርሊን ወንበር ላይ ዘፍ አለ።]

ገስ፦ ይቅርታ። አሁን እነሣለሁ። ትንሽ ብቻ... ኖርብ፣ ባሕሩ እኮ በስተቀኝ ነው።

ኖርበርት፦ በስተግራ ነው።

ገስ፦ በስተቀኝ ነው፣ እንደኛ ሐይቅ። በረዶው ከላይ፣ በረሃው ከታች። ቦርግ ወደ ላይ ወጣ፣ በረደው፣ ሞተ። ካፖርት አልያዘም ብዬህ ነበር።

ኖርበርት፦ የተጻፈውን አታነብም? ከባሕሩ ጎን ምን ይላል?

ገስ፦ እሱን አልችልም፤ የተረቱ ድንኮች ጽሑፍ ነው።

ኖርበርት፦ የምን ድንኮች? የኔ ጽሑፍ ነው።

ገስ፦ አንድ ቀን ቢራ ሳቀብላት ከዚሁ አይቼው፣ “ይሄ የማን ቋንቋ ነው?” ብላት “የድንኮቹ” አለችኝ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት አንተ የድንኮቹን ቋንቋ ትችላለህ እያልኩ ሳደንቅህ ነው የኖርኩት።

[ኖርበርት ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ ከገስ ጀርባ ቆመና ቁልቁል አየ። የአርሊን የእጅ ጽሑፍ ለማንም ስለማይነበብ፣ እሷ ሥዕሉን ብቻ ትሠራና ስም መጻፉን ለሱ ትተውለት ነበር። እሱም ከራሱ ወንበር ሳይነሣ ጻፈ። አሁን ከዚህ ሲያየው ከተማውም፣ ተራራውም፣ ባሕሩም፣ ስማቸው ሁሉ በአናቱ ተተክሏል።]

ኖርበርት፦ ገልብጬ ነው የጻፍኩት።

ገስ፦ ሁሉንም?

ኖርበርት፦ ሁሉንም። እሷ እዚህ ነበር የምትቀመጠው።

ገስ፦ አዎ።

ኖርበርት፦ ታየው ነበር ማለት ነው። እኔ ስለ ዘንዶው ሳስረዳት።

ገስ፦ ትስቅ ነበር።

ኖርበርት፦ በዘንዶው መስሎኝ።

ገስ፦ አንድ ጊዜ “ባልሽ ይሄን ያህል ለምን ይከራከራል?” ብያት ነበር። “ቀኑን ሙሉ ሳይሳሳት ደብዳቤ ሲያድል ይውላል፤ ቤቱ ገብቶ ትንሽ ቢሳሳት ምን አለበት?” አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ኖርበርት፦ አሁንስ ገባህ?

ገስ፦ እምብዛም።

[የላይኛው በር ደወል ተደወለ። ኖርበርት የሹራቡን ትከሻ አስተካከለ። ገስ ጠረጴዛውን ተመርኩዞ ለመነሣት ሞከረ።]

ኖርበርት፦ ተቀመጥ።

ገስ፦ ታሪኩ አልተስተካከለም እኮ።

ኖርበርት፦ ታሪኩ መች ተበላሸ። ተቀመጥ። ሹራቡ ላይ ብቻ ሰናፍጭ እንዳታንጠባጥብ።

[ኖርበርት ተመልሶ የራሱን ወንበር አነሣና ተሸክሞት ወደ ገስ ጎን መጣ።]

ገስ፦ ምን ልትሆን ነው?

ኖርበርት፦ እዚህ ልቀመጥ ነዋ። ከእንግዲህ በትክክለኛው በኩል ነው የምጫወተው።

ገስ፦ አንተ እዚህ ከመጣህ ማን ሊሳሳትልን ነው? ዘንዶውስ? ዝሆኖቹስ? ግማሹ ጨዋታ እኮ አንተ የራስህን ስህተት ልትፈታ ስትል የመጣ ነው። እኔ ብቻዬን ይሄን ሁሉ ከየት አመጣለሁ?

[ኖርበርት ወንበሩን እንደያዘ ቆመ። ደወሉ እንደገና ተደወለ፤ ቀጥሎ በሩ ተከፍቶ የእግር ኮቴና የሳቅ ድምፅ ከላይ ተሰማ። ወንበሩን ተሸክሞ ተመለሰ፤ በድሮው ቦታ፣ ዓለሙ ሁሉ በሚገለበጥበት በኩል፣ ደልደል ብሎ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።]

ኖርበርት፦ [ወደ ደረጃው ቀና ብሎ] ውረዱ፣ ውረዱ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፀሐይ የምትወጣው ከምዕራብ ነው። ያልገባው ካለ፣ ከዘንዶው ጀምሬ አስረዳዋለሁ።