የጋሼ ታደሰ የመስኮት ማዞሪያ

መኪና አክባሪ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ጋሼ ታደሰ ያለ ግን አልገጠመኝም። እናንተስ ለአንዲት የመስኮት ማዞሪያ ሁለት ወር የሚሠዋ ሰው ታውቃላችሁ?

ጋሼ ታደሰ እዚህ ዲላ ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የአሮጌ ቮልሳቸው ማዞሪያ ሲሰበር የፕላስቲክ ተገኝቶላቸው ነበር፤ "ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው" ብለው መለሱት። ከወናጎ ያረጀ የቡና ግንድ አስመጡና በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ከረሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ገጠሙት። በሁለት ጣት ሲያዞሩት መስታወቱ ኮሽ ሳይል ወረደ። ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

"ጋሼ፣ ሞተሩስ?" አልኩ። ሞተሩ ከመኪናዋ ከወረደ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

በትዝብት አዩኝ። "መጀመሪያ ሞተሩ ቢገባ ምን ልሆን ነው? መስኮት ዘግቼ፣ የሀገሩን ሰው ሰላም ሳልል ልለፍ?"

አፈርኩ። እሳቸው ገብተው መሪውን ጨበጡ፤ ክርናቸውንም በመስኮቱ አወጡ። መኪናዋ በእኔ በኩል ማለፍ ስለማትችል፣ እኔው ዞሬ በመኪናዋ በኩል አለፍኩ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን! አልቆምልህም ልጄ፣ ትንሽ ቸኩያለሁ።"