ሁሉን በፎርማት የሚያክመው ጎረቤታችን

ኮምፒውተር ምንም ቢሆን «ፎርማት ይደረግ» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? የሆሳዕናው ጎረቤታችን እንዲህ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ቢያልቅበት እንኳ ፎርማት ያዛል።

ጡረታ የወጣው መምህር አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የሃዲይኛ መዝገበ ቃላት ሲጽፍበት የኖረ፣ ባትሪው የሞተ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ አለው። አንድ ቀን መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ አልነሳ አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ጎረቤታችን የፎርማት ሲዲውን ይዞ ደረሰ።

«ፎርማት ነው የሚያድነው፣ ጋሼ።»

«ቃላቶቼስ?»

«እነሱማ ይጠፋሉ። ላፕቶፑ ግን አዲስ ይሆናል!»

«ጥርሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ትቆርጣለህ?»

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጽሑፉን አነበብኩ። «ዲስኩን ራሳችሁ መርምሩ ይላል እኮ» አልኩ፣ ለራሴም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«እህቴ፣ ማሽን ብዙ ያወራል፤ አትስሚው» አለኝ ጎረቤታችን።

ሲዲውን ሊያስገባ ሲል ዓይን አፋርነቴን ዋጥ አድርጌ ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩና የመመርመሪያውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። ማሽኑ «ይህን ልጠግን?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ፤ እኔም ጣቴ እስኪዝል «አዎ» አልኩት። እንደገና ሲነሳ ቃላቱ ሁሉ አሉ። አባቴ እስከ መጨረሻው ገጽ አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞረ። «ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አለው። «ላፕቶፑ አጠገብ ግን አትቀመጥ።»