የወረዳው ሹማምንት ደጄ ላይ ሰልፍ ሲወጡ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለሰው አልናገርም ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልችል አለ። መጀመሪያ ግን በምን ሐሳብ እንደተኛሁ ልንገራችሁ።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማ ውስጥ መፈክር ስይዝ፣ ስጮህ፣ ስታሰር፣ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥር ላይ ሰለቸኝና ጨርቄን ማቄን ሳልል እናቴ አገር ገባሁ። ግማሽ ሄክታር ተከራይቼ በቆሎ ዘራሁ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ስድስት ወር መረመርኩ፤ ያገኘሁት እምብዛም ነው። በዚህ መሃል አንድ ድንጋይ ፈላጭ ድርጅት መንደሩ ሁሉ የሚጠጣበትን የዋንዛ ምንጭ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት በዶዘር ሊደፍነው መሆኑን ከድርጅቱ ሹፌር ሰማሁ። የድሮ አመሌ ተነሳ። እሑድ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አስቁሜ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረግኩ። ሐሙስ ማለዳ እኔ ቤት ተገናኝተን ምንጩ ፊት እንድንቆም አርባ ሦስት ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ፈረመልኝ። እንዲህ የቀለለኝ ሰልፍ በዕድሜዬ አላየሁም። ረቡዕ ስተኛ ግን ልቤ ሁለት ሆነ። አንዱ ተነስ ይለኛል፤ ሌላው የመጣኸው ለሰላም አይደለም ወይ፣ ተወው ይለኛል።

በሕልሜ በሬን ስከፍት ከተማ ሳለሁ ስጮኽባቸው የኖርኩት የወረዳው ሹማምንት በሙሉ ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። ፋይል ታቅፈዋል፤ አንዳንዶቹ ወረፋ እንዳያልፋቸው ድንጋይ አስቀምጠው ጥላ ስር ገብተዋል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ግርማቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ። ጉዳያቸው ሦስት ወር ሙሉ እንደተጉላላ ነገሩኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገ ተመለሱ አልኳቸው፤ ማህተም የያዘችው ዶሮዬ እንቁላል ላይ ናት፣ እስክትፈለፍል አትነሳም። አቶ ግርማቸው አመስግነውኝ ሃያ አንድ ቀን ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ሰላማዊ ሰልፍ ሊወጡ ፈቃድ ፈልገው ነው። በማን ላይ? በእኔ ላይ። እኔ ወፍ ላዳምጥ ገጠር ከገባሁ ወዲህ የጮኸባቸው ሰው የለም። ዘበኛው ሥራ ፈትቶ ወፍሯል። ኃላፊው ራሳቸው ሰው ስለማይሰድባቸው መኖራቸውን መጠራጠር ጀምረዋል።

“አንድ ጊዜ ብቻ ሌባ በለኝ፤ ደህና አድርጌ ልተኛ” አሉኝ አቶ ግርማቸው።

አንጀቴን በሉኝ። ግን ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ አልኩና በሩን ዘጋሁ።

በሩን ስዘጋ ራሴን በቆሎዬ መሃል አገኘሁት። አረሙ ደቦ ወጥቷል። እየዘፈነ፣ በመስመር ሆኖ፣ ሰው ይነቅላል። ሥራ ላይ ያለውን ሰው ያልፈዋል፤ የተቀመጠውን ከሥሩ መንግሎ አፈሩን አራግፎ ዳር ላይ ይከምረዋል። አለቃው አንድ ቁመቱ እኔን የሚያህል እሾሃም ኮሸሽላ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ድንጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። መጣና ጆሮዬን ይዞ ይኼ ሰብል ነው ወይስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እያሰብኩ ነው አልኩት። አረሞቹ ተያዩ። አንዷ ሙጃ፣ ተዉት፣ ይኼ ራሱ ከእኛ ወገን ነው አለች። ስድብ ብዙ ጠጥቻለሁ፤ እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም።

አምልጬ ቁልቁል ስሮጥ የዋንዛ ምንጭን መንገድ ላይ አገኘኋት። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። ምንጭ ሰው ትመስላለች ወይ አትበሉኝ፤ በሕልም ያውቋታል። ከቤት ቤት እየዞረች ውሃ ትለምን ነበር። ሁሉም በር ተዘግቶባታል።

“ትመጣልኛለህ?” አለችኝ።

ትንሽ ላሰላስልና አልኳት። በእናቴ ስም፣ ይኼን ቃል ከአፌ ሳወጣ እፍረት ገደለኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ጀሪካኗን አንስታ መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ የዶዘር ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ ላይ ቁም ብዬ ልጮህ አፌን ብከፍት የወጣው የወፍ ድምፅ ነው። ስድስት ወር ያዳመጥኩት ሁሉ ጭውጭው እያለ ወጣ። ዶዘሩ መጣ፣ እኔ እንጫጫለሁ፣ ዶዘሩ መጣ።

በር ሲደበደብ ነቃሁ። ስከፍት ፀሐይ ወጥታለች፤ አርባ ሦስቱም ሰው ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። እያንዳንዱ መኮትኮቻ ይዟል። ደስታዬ ልክ አጣ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ማዘንጊያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከፊት ቆመዋል።

“የት ጋ ነው የምንጀምረው?” አሉኝ።

“ምንጩ ጋ ነዋ።”

“ምንጩ ጋ በቆሎ አለህ እንዴ?”

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። እሑድ ዕለት አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፣ ጉልበታችንን እናስተባብር፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስል እነሱ ለአረም ደቦ እየጠራሁ መስሏቸዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በቆሎዬን አረም ሲውጠው እያዩ ሲያዝኑልኝ ከርመዋል። ጠላ እንደማልጠምቅ ስለሚያውቁም ምሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ስለ ምንጩ እኮ ነው የተናገርኩት ብላቸው፣ እትዬ ማዘንጊያ፣ ደቦ የሚለምን ሰው መቼ በቀጥታ ይለምናል አሉኝ፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አገር እያወራ ይዞራል እንጂ። ከተሜ ስለሆንኩ ዙሩ ረዘመ ብለው አልፈውኛል።

ዶዘሩ እውነት መሆኑን ስነግራቸው መኮትኮቻቸውን ትከሻቸው ላይ አነሡ። አንዳንዱ አሁኑኑ እንሂድ አለ። እትዬ ማዘንጊያ እምቢ አሉ። ደቦ ተጠርቶ መሬት ሳይነካ ከተበተነ ለአገሩ ነውር ነው፤ ነውር ሠርቶ የሄደ ሰው ደግሞ ዶዘር ፊት አይቆምም።

“በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?”

“በአራት።”

ፀሐይዋን አዩ፣ በቆሎውን አዩ፣ ከዚያ እጆቼን ገልብጠው ለስላሳ መዳፌን አዩና አንድ ትርፍ መኮትኮቻ አስጨበጡኝ።

“እንደርሳለን” አሉኝ። “አንተ ካልተቀመጥክ።”