ጋሽ ሰብስቤና ክንዳቸው ላይ ያረፈው እንግዳ

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ አንድ "ምንም የለብኝም" ባይ አይጠፋም። ቤቱ ሲቃጠል ብትደርሱበት "ኑ፣ እሳት እንሙቅ" ይላችኋል እንጂ "ውኃ አምጡልኝ" አይልም። እንዲህ ያለ ሰው የታጣበት ማኅበር ማኅበር አይባልም፤ ዘመድም ዘመድ አይሆንም። በካርቱም የዚህ ወገን አለቃ፣ ያለ ምርጫና ያለ ተቀናቃኝ፣ የአርካዊት ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ምስክሯም ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረችው ባለቤታቸው ስንቅነሽ ናት።

የጋሽ ሰብስቤ መፈክር "ማፊ ሙሽኪላ" ነው፤ በሱዳን ዐረብኛ ችግር የለም ማለት። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ያለውን የፍሪጅ መጠገኛ ሱቃቸውን ጣሪያ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ገንጥሎ የወሰደው ጊዜ፣ ሊያጽናና የመጣውን ሰው ያጽናኑት እሳቸው ናቸው። "ማፊ ሙሽኪላ፤ ሙቀቱም መውጫ አጥቶ ነበር" አሉ። ጥርስ ነቃዩ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን የነቀለባቸው ዕለትም "ማፊ ሙሽኪላ፤ እሱም ተራው አይቀርለትም ነበር" ብለው አመስግነው ወጡ። የእናታቸውን መርዶ ሊያረዱ በማለዳ የመጡትን ሽማግሌዎች ደግሞ "እንቅልፋችሁን አጥታችሁ" እያሉ ሻይ አፍልተው አቀረቡላቸው። ያለቀሱት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧውን ከፍተው ነው። ስንቅነሽ ከበሩ ውጭ ቆማ ሰማች፤ አላንኳኳችም።

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ገመና ለእንግዳ አይታይም። ሳሎኑ ውስጥ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ወንበር አለ። እንግዳ ሲገባ ጋሽ ሰብስቤ ፈጠን ብለው እሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ክብደታቸውን ወደ አንድ ጎን ጥለው፣ ፈገግ ብለው፣ እንግዳው እስኪሄድ እንደዚያው ይቆያሉ። የሰው ፍሪጅ የሚጠግን እጅ የራሱን ወንበር መጠገን አቅቶት አይደለም። "ማፊ ሙሽኪላ፤ እኔ ለምጄዋለሁ" ስለሚሉ ነው። ስንቅነሽ ስታገባቸው የሆዷን አውጥታ የምትናገር ልጅ ነበረች። ቀስ በቀስ ግን ሕጉ ገባትና፣ ተኳርፈው በዋሉበት ቀን እንኳ በር ሲንኳኳ ከባሏ እኩል ፈገግ ማለት ለመደች።

ኮሮና ባለፈ በዓመቱ የጋሽ ሰብስቤ እግር ማበጥ ጀመረ። "ጫማው ጠቦኝ ነው" አሉ። ሰፋ ያለ ጫማ ተገዛ። "የዘንድሮ ጫማ ሲሰፉት ያጠቡታል" አሉ። በነጠላ ጫማ መሄድ ጀመሩና ነጠላ ጫማውም ጠበበ። ስንቅነሽ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ ደማቸው ተመረመረና ኩላሊታቸው መድከሙ ታወቀ።

የኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሉጥፊያ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሱዳናዊት ናቸው። ኩላሊትን እንዲህ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊት ነውና ግፊቱን ደጋግመው ለኩት። የጋሽ ሰብስቤ ግፊት ግን የሕፃን ልጅ ነው። ለምን አይሆን? ከቀጠሮው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ማቀዝቀዣው ሥር ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ስማቸው ሲጠራ ክንዳቸውን ታጥቦ እንደተተኮሰ ሸሚዝ አድርገው ያቀርባሉ።

"ያ ሐጅ" አሉ ዶክተር ሉጥፊያ፤ ሱዳን በዕድሜ የገፋውን ሁሉ ሐጅ፣ ሐጃ ይላል እንጂ ዐረብኛ አንቱታ አያውቅም። "ክንድህ አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ኩላሊትህ ሌላ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ዶክቶራ" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። "እናስታርቃቸዋለን።"

ሐኪሟ ሳቁ፤ ግን አልተረቱም። ቀንና ሌሊት ግፊት የሚለካ መሣሪያ አዘዙ። ነርሷ ሀኒፋ ጨርቁን ግራ ክንዳቸው ላይ አሰረች፤ የኪስ ሬዲዮ የሚያህለውን ሣጥን ቀበቷቸው ላይ አንጠለጠለች። መሣሪያው በየግማሽ ሰዓቱ በራሱ ጊዜ እርር ብሎ ይነፋል፤ ክንድ ጨምድዶ ይለካና ይለቃል። "እንደ ወትሮህ ኑር" አለቻቸው። "ሥራ ሂድ፤ የምትበላውን ብላ፤ የሚያናድድህ ካለ ተናደድ። ስትተኛ ግን እንዳታወልቀው። ዶክቶራ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው የሌሊቱን ነው።" የመጨረሻውን ነገር ወደ ስንቅነሽ ዞራ ደገመችው።

እንደ ወትሮህ ኑር! እንግዳ ፊት እንደ ወትሮው የኖረ ሐበሻ እስኪ ማን አለ?

ጋሽ ሰብስቤ መሣሪያውን እንደ አማች ተቀበሉት። ሱቁ ተዘጋ። ወጡ ጨው ሳይነካው ወጣ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ዜና ያስቆጣል ተብሎ። ነጭ ጀላቢያቸውን አስተኩሰው ለበሱ። አሳሳቢው የስንቅነሽ ወንድም ጥላዬ ነበር፤ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ሾፌር ነው፤ ማታ ማታ እየመጣ ያገር ቤት ፖለቲካ ያነሣና ጠረጴዛ እየደበደበ ይከራከራል። ጋሽ ሰብስቤ ደወሉለት።

"ዛሬ አትምጣ፤ እንግዳ አለብን።"

"መኑ? ማን መጣ ጋሼ?"

"ክንዴ ላይ ነው ያለው።"

መሣሪያው እርር ባለ ቁጥር ወሬያቸውን አቋርጠው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ፈገግ ይላሉ። አንድ ጊዜማ ጎንበስ ብለው "እንኳን ደህና መጡ" አሉት። ስንቅነሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ጎረቤት እንኳ ሳይመጣባቸው እንዲህ የዋሉበት ቀን ትዝ አይላትም። ከሁሉ የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ያ ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሲመሽ ጋሽ ሰብስቤ ጨርቁን ከክንዳቸው ፈቱት።

"ምነው፣ አታውልቅ ተብለህ የለም እንዴ?" አለች ስንቅነሽ።

"ሲለካኝ ውሎ ደክሞታል፤ እሱም ይረፍ። ደግሞ የተኛ ሰው ምን ግፊት አለው፣ ስንቄ? ማፊ ሙሽኪላ።"

መሣሪያውን ኮሜዲኖው ላይ አስተኙት። ስንቅነሽ አልተከራከረችም። እንዲያውም ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ጥልፍ ጨርቅ ከሥሩ አነጠፈችለት።

በማግስቱ ሀኒፋ መሣሪያውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘችው። የቀኑ ልኬት ያማረ ነው፤ የሌሊቱ ባዶ። ዶክተር ሉጥፊያ ጋሽ ሰብስቤን አልጠየቋቸውም፤ መልሳቸውን ያውቁታል። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስንቅነሽ ዞሩ።

"ያ ሐጃ፣ ሌሊቱን ክንዱ ላይ ነበር?"

ስንቅነሽ ባሏን አየች። ባሏ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኩላሊት ሥዕል እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አተኩረው ያያሉ። ሐኪሟ የሰው ሰው ናቸው፤ ባልን በሰው ሰው ፊት ማዋረድ ደግሞ በዚያ ቤት ሕግ የለም።

"አይዋ" አለች። አዎ ማለቷ ነው።

እንግዲያው መሣሪያው ተበላሽቷል ተባለና ለጥገና ተላከ። ተለዋጭ አልነበረም፤ ወረፋው ረጅም ነው። በእጅ ያለው የቀኑ ልኬት ስለሆነ መድኃኒቱ እንዳለ ቀጠለ፤ ሌላ ቀጠሮም ተሰጠ። ባልና ሚስቱ እንግዳ በደህና እንደሸኘ ሰው ተነፈሱ። ስንቅነሽ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተናግራለች፤ ከአፏ ወጥቶ መልሳ ልትውጠው የምትመኘው ግን ያ አንድ ቃል ብቻ ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃ እንደሚጠጣ ሰው ቀላል አድርጋ ነበር ያለችው።

ክረምቱ ሲወጣ እብጠቱ ከእግር አልፎ ፊት ደረሰ። ጋሽ ሰብስቤ "ወፈርኩ፤ ካርቱም ተስማማኝ" አሉ። ምግብ ይሸታቸዋል፤ ደረጃ ያደክማቸዋል። የደም ምርመራው ከበፊቱ ከፍቶ መጣ፤ መሣሪያው እንደገና ታዘዘ። ይህን ጊዜ ስንቅነሽ ሀኒፋን ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ "ያኔ ማታ አውልቆት ነበር፤ እኔም ዋሽቻለሁ" አለቻት። ሀኒፋ አልተቆጣችም። "አሁን ክንዱ ላይ ይደር እንጂ" ብቻ አለች።

ስንቅነሽ ቤት ሳትደርስ ቆርጣለች። "ዛሬ እንግዳው ጓዳ ይገባል" አለች። "ያላ፣ ተነሥ። ሱቅ ትከፍታለህ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።"

"አንቺ ደግሞ እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"መሣሪያው የሚያየውን አያለሁ።"

ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ባሕሪ ተሻገሩ፤ ድልድዩ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ተጣብቀው እንደቆሙ መሣሪያው ሁለቴ ተነፋ። ሱቁ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የደንበኛ ነው። ጋሽ ሰብስቤ በዚያ እግራቸው ቆመው ይውላሉ። አንድ ጎረምሳ ደንበኛ ገብቶ "አንተ ሐበሺ፣ ፍሪጄን ቀብር ውስጥ ነው እንዴ የከተትከው?" እያለ በሰው ፊት ጮኸባቸው። እሳቸው "ማፊ ሙሽኪላ፣ ቡክራ ኢንሻላህ"፣ ነገ ይደርሳል፣ እያሉ ፈገግ ይላሉ። በዚያው ቅጽበት መሣሪያው እርር አለ፤ ስንቅነሽም የባሏ የአንገት ሥር ሲገተር አየች። ለሠላሳ ዓመት ይህን ሱቅ የምታውቅ ይመስላት ነበር። ግን ስትመጣ ሁልጊዜ ቀድማ ትደውላለች፤ ስትደርስም ወንበሩ ለእሷ ተወልውሎ፣ ሻይ ታዝዞ ይጠብቃታል። ለካ እሷም እንግዳ ነበረች።

ማታ ጥላዬ ተጠርቶ መጣና ጠረጴዛውን እንደ ልማዱ ደበደበ። መሣሪያውም ሳይወልቅ አደረ።

ዶክተር ሉጥፊያ ውጤቱን አዩ። "የሰው ግፊት ሲተኛ ይወርዳል" አሉ ቀስ ብለው። "የሱ ቀኑም ደህና አይደለም። ሌሊቱ ግን ይብሳል፤ ሲተኛ ነው የሚወጣው።"

ስንቅነሽ ወደ ባሏ ክንድ አየች። ባሏ ቀን የዋጡትን ሁሉ ሌሊት ክንዳቸው ሲናገር ኖሯል፤ እሷ አጠገባቸው ተኝታ።

"ያኔ ሌሊቱን ብናውቅ ኖሮስ?" አለች።

ሐኪሟ መነጽራቸውን አወለቁ። "መድኃኒቱን እቀይረው ነበር። ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት እናተርፍ ነበር። ምናልባትም ምንም።" ከሦስቱ ምናልባቶች ስንቅነሽ ሁለቱን ይዛ ቀረች። ኩላሊቱ ከዚህ በኋላ ብዙ እንደማይቆይና ለኩላሊት እጥበት መዘጋጀት እንዳለባቸው ሲነገር እንኳ እነሱኑ ነበር የምታስበው።

"ያ ሐጅ፣ አንተስ እንዴት ነህ?" አሉ ዶክተር ሉጥፊያ።

ክቡር ጋሽ ሰብስቤ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፈገግታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"ፊ ሙሽኪላ፣ ያ ዶክቶራ" አሉ። ችግር አለ።

ስንቅነሽ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተስላ እንደነበር አምላክ ያውቃል። አሁን ግን ሲደርስላት አልፈለገችውም። መንጋጋቸው ላይ ያለውን ነጭ ጢም እያየች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣ እባክህ ዋሸኝ ብላ በሆዷ ለመነቻቸው።

ደጅ ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። ጥላዬ ነው። "እህቴ፣ ኪፍ? እንዴት ሆነ? ምን አለች ሐኪሟ?"

"ማፊ ሙሽኪላ" አለች ስንቅነሽ። ምላሷ ነው ያለው፤ እሷ አላሰበችበትም።

ጋሽ ሰብስቤ ቆም ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሏት።

"ጥላዬ፣ እህትህ ዋሽታህ ነው፤ ከእኔ ተምራ ነው፤ አትፍረድባት። ኩላሊቴ ደክሟል። ደሜ በመኪና ሊታጠብ ነው።" ጥቂት አዳመጡ። "አዎ፣ ማታ ና። ደግሞ ያቺ የተሰበረችው ወንበር ላይ አንተ ነህ የምትቀመጠው። እኔ ደክሞኛል።"