ኮፒ የማይወጣለት ሰው

እንግዲህ እኛ ኮፒ ወዳዶች ነን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፈለጋችሁት መሥሪያ ቤት በር ላይ ብትቆሙ ከፊት ለፊቱ ፎቶ ኮፒ ቤት አታጡም። «ኦሪጅናሉንና ሁለት ኮፒ» ይሏችኋል። ሁለቱን ይዛችሁ ስትገቡ «ሦስት ነበር እኮ» ይሏችኋል። የልደት ካርዴ ኮፒ ስንት ቢሮ ውስጥ እንደተቀመጠ እኔ አላውቅም፤ ሳስበው ከእኔ ይልቅ እሱ ብዙ አገር ዞሯል።

ታዲያ ተፈጥሮ ውስጥ «ኮፒ አልወጣም» ብላ ያመፀች ነገር አለች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር እንጀራዬን የምበላው በእሷ ነው። አንዲት ረቂቅ የብርሃን ቅንጣት ያለችበትን ሁኔታ ሳታውቁ፣ ቁርጥ እሷን የመሰለች ሁለተኛ ላውጣ ብትሉ አይሆንም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሳይሆን የኳንተም ሕግ ስለሚከለክል ነው። ወደ ሌላ ቦታ ማሻገርስ? እሱ ይቻላል፤ ቴሌፖርቴሽን ይባላል። ነገር ግን ያ ሁኔታ ማዶ ሲገኝ እዚህ የነበረው ይጠፋል። ወይ እዚህ፣ ወይ እዚያ። ምስጢር ጠባቂዎች የሚወዷትም ለዚሁ ነው። በእሷ የተላከን የምስጢር ቁልፍ መንገድ ላይ አድብቶ ልቅዳ የሚል ሌባ ከነካት ትረበሻለች፤ ከተረበሸች ደግሞ ይነቃበታል። የሰፈራችን ወሬ እንዲህ ያለ ጨዋ ቢሆን ኖሮ ስንታችን በሰላም ባደርን!

ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ፤ የሳተውንም ጥዬበታለሁ። ራሴ ግን አላመንኩበትም ነበር።

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ልንድር ጉንደ ወይን ሄድኩ። እሑድ ጧት፣ ሙሽራው ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ስልኬ ጠራ። የደሳለኝ እናት ዐርፈዋል። ደሳለኝ አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ ነው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ያልተነሣ ሰው። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ደጀን ነው። ሙሽሪትን እጇን ይዤ ለሙሽራው የማስረክበው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አባቷ በሕይወት የለም። እስቲ ፍረዱኝ።

ቀረሁ። መቅረቱስ ባልከፋ፤ የከፋው ብልጠቴ ነው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት እየቀዳሁ አለቀስኩ። «ወንድሜ ደሳለኝ፣ እናትህ እናቴ ነበሩ። ምን ላድርግ፣ ከትናንት ጀምሮ አልጋ ይዣለሁ፤ ቀና ማለት አቅቶኛል።» ላክሁት። መልእክቱ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ ነው፣ መካከል ገብቶ የሚሰማ የለም ይላል ስልኩ። እውነቱን ነው። መንገድ ላይ ማንም አልነካውም፤ እንደ ላክሁት ሆኖ ደጀን ገባ።

የረሳሁት አገሬን ነው። በእኛ ዘንድ ከለቅሶ የቀረ ሰው መልእክት ከላከ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማለት ይደረጋል፤ አለዚያ «እገሌ ቀረ» ተብሎ ይታማል። ደሳለኝ እኔ እንዳልታማ ብሎ፣ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ፣ የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ አሰማልኝ። «አልጋ ይዣለሁ» ስል ከኋላዬ ከበሮ ይደለቃል። «ቀና ማለት አቅቶኛል» ስል እልልታው ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ፣ እኔ ልብ ያላልኩት የእህቴ ድምፅ ከበሩ ውጭ ጥርት ብሎ ተሰማ፦ «አንተ ጓዳ ምን ትሠራለህ? ና ውጣና ጨፍር እንጂ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማታውኑ አንድ ባልደረባችን ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ።

ማክሰኞ ሣልስቱ ነው። የልጅቱ መልስም የዚያኑ ዕለት ነው። ለእህቴ «ለመልሱ እደርሳለሁ» ብዬ ምዬላት ጎሕ ሲቀድ ወደ ደጀን ተነሣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «መምህር፣ ሕመሙ ተሻለህ ወይ?» አለኝ። ሌሎቹ አቀርቅረው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ደሳለኝ ግን አላየኝም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እዚያ ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ምንድን ነው?» አሉኝ የደሳለኝ አጎት አያ ሙሉነህ።

ይቅርታ መጠየቅ ሲያቅተው ማስተማር የሚቀናው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እሱ እኔ ነኝ። ቅንጣቷን፣ ኮፒ እንደማይወጣላት፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። «እንግዲህ አያ፣ ተፈጥሮ ራሷ ከልክላለች። እኔም ኮፒ የለኝም» ብዬ ደመደምኩ።

«ይኸንንማ እኛም እናውቃለን፣ ልጄ» አሉ አያ ሙሉነህ ረጋ ብለው። «ሰው ሁለት ቢሆን ኖሮ፣ የመጣን ሰው ማን ያመሰግነው ነበር?»

ወደ ደሳለኝ ዞርኩ። «ደሳለኝ፣ ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩ። ቀና ሳይል ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ፈቀቅ አለልኝ። ከአጠገቡ ተቀመጥኩ።

ወደ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። ለመልሱ ልድረስ ካልኩ መነሻዬ አሁን ነበር። ደሳለኝ ስልኩን አየት አደረገው፤ ሂድም ቆይም አላለኝም። አጠፋሁት።

ከደሳለኝ ጋር ታርቀናል። እህቴ ግን ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አላናገረችኝም።